ገብሱም ጭዱም ስኳር ነው፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ቆሎ ቀርቦ ጨዋታ ሲደራ ሁሉም ሐኪም ነው። «ይኼ ፕሮቲን ነው፣ ያኛው ስብ ነው» ይባላል። ውሃውን ከተውነው፣ ሕይወት ያለው ነገር በዋናነት የሚሠራው ከአራት ዓይነት ሞለኪውሎች ነው፦ ካርቦሃይድሬት፣ ፕሮቲን፣ ቅባትና ኒውክሊክ አሲድ። ስለ እነሱ ደጋግሜ የምሰማውን ስህተት ላንሳ።

«ገብስ ስኳር የለውም።»

ምላስ ላይ የለውም፣ እውነት ነው። ነገር ግን የፍሬው ትልቁ ክፍል ስታርች ነው። ስታርች ማለት ደግሞ እንደ መቁጠሪያ የተያያዘ ግሉኮስ የሚባል ቀላል ስኳር ነው። የገብስ ዳቦ ቆየት አድርጋችሁ አላምጡ፤ የምራቃችን ኢንዛይም (የሰውነትን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ሞለኪውል) ሰንሰለቱን ሲቆርጠው ጣፈጥ ማለት ይጀምራል። ጠላ ጠማቂዎች ይህን ድሮም በእጃቸው ያውቁታል። ገብሱ ብቅል ሲሆን የራሱ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፣ ስታርቹም ወደ ስኳር ይለወጣል። እርሾው ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል።

ይበልጥ የሚገርመኝ ጭዱ ነው። ጭድ ውስጥ ያለው ሴሉሎስም ከግሉኮስ የተሠራ ነው። ልዩነቱ ግሉኮሶቹ የተያያዙበት መንገድ ነው። ያንን ማያያዣ የሚቆርጥ ኢንዛይም እኛ የለንም። የመንዝ በግም የለውም! ሆዱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተህዋስያን ናቸው የሚሠሩለት። በጉ ስሙን ብቻ ነው የወሰደው።

«ፕሮቲን ማለት ሥጋ ነው።»

100 ግራም ደረቅ ባቄላ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ደግሞ ፕሮቲን የሚበላ ነገር ብቻ አይደለም። የመንዝን ብርድ የሚችለው ባና ከበግ ፀጉር ነው የሚሠራው፤ ፀጉሩ ደግሞ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ጥፍራችሁም እንደዚያው። ቅድም ያልናቸው ኢንዛይሞችም ፕሮቲኖች ናቸው።

«እንቁላል ሲቀቀል ፕሮቲኑ ይጠፋል።»

አይጠፋም። የተጣጠፈው ቅርጹ ይፈታል እንጂ ፕሮቲኑ የተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች እዚያው ናቸው።

«ስብ ጠላት ነው።»

ሲበዛ ይጎዳል፣ አልክድም። ግን የእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ያለ ቅባት አይቆምም። የበጉ ላትም ለክፉ ቀን የተያዘ ስንቅ ነው። 1 ግራም ስብ 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ካርቦሃይድሬት 4 አካባቢ ነው። ስንቅ በስብ መያዙ ያዋጣል።

«ዘር ያለው ደም ውስጥ ነው።»

«ደሙ ነው» ማለት ስለምንወድ ይመስለኛል። የሚገርመው፣ ደማችንን ያቀሉት ሕዋሳት ከበሰሉ በኋላ ኒውክለስ (የሕዋስ እምብርት) የላቸውም፤ ስለዚህ የዘር መዝገቡ ዲኤንኤም (ቅድም ካልነው ከኒውክሊክ አሲድ ወገን ነው) እነሱ ውስጥ የለም። ከደም ለምርመራ የሚወሰደው ዲኤንኤ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚገኝ ነው። ምራቅና የፀጉር ሥርም ይበቃሉ። ገብስም ዲኤንኤ አለው፤ በ14 ክሮሞዞም የተጠቀለለ። የእኛ 46 ነው። በሶ በበጠበጥን ቁጥር የገብስ ዲኤንኤ እንጠጣለን። ሆዳችን እንደ ሌላው ምግብ ይፈጨዋል እንጂ ገብስ አያደርገንም።