መንገዱ ያተረፋት ቤተ ክርስቲያን፦ ፓርትሪሾው፣ ዌልስ

ዌልስ ከእንግሊዝ ጋር በምትዋሰንበት በኩል፣ ብላክ ማውንቴንስ በሚባሉት ተራሮች ውስጥ ፓርትሪሾው የምትባል ቦታ አለች። መንደር ለማለትም ይከብዳል፤ እዚህም እዚያም የተበታተኑ የገበሬ ቤቶች ናቸው። መንገዱ በጣም ጠባብ ነው። ሁለት መኪና ፊት ለፊት ከተገናኘ አንዱ የግድ ወደ ኋላ ይመለሳል። ግን የቅዱስ ኢሱይን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ያቆያት ይኸው አስቸጋሪ መንገድ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት ጸበሉ ጋ ውረዱ። ከቤተ ክርስቲያኗ በታች፣ በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ምንጭ ናት። ኢሱይ እዚህ ይኖር የነበረ ባሕታዊ ነው፤ ቤቱ ያሳደረው መንገደኛ ገደለው ይባላል። ከዚያ በኋላ ሕመምተኛው ለፈውስ ይጎርፍ ጀመር፣ ከለምጽ የዳነ አንድ ተሳላሚም ወርቅ ሰጥቶ ቤተ ክርስቲያኗን አሠራት ይላል አፈ ታሪኩ። ዛሬም የሚመጣው ሰው ሳንቲም፣ ሪባን፣ ከጭራሮ የታሰረ መስቀል አስቀምጦ ይሄዳል።

ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው መቅደሱን ከሕዝቡ በሚለየው የእንጨት ግርዶሽ ላይ ነው። በ1500 አካባቢ የተሠራ ነው፤ ከላዩ ሰገነቱ ሳይቀር አለ። ቀለም አልተቀባም፣ እንጨቱ እንዲሁ ራቁቱን ነው። ጠጋ በሉና አግዳሚውን ጫፍ እዩት፦ ዘንዶ የወይን ሐረግ ነክሶ ይዟል፣ ሐረጉ ደግሞ ከነቅጠሉ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። እኔ ይህን ሳያይ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፕሮቴስታንት ተሐድሶው ጊዜ፣ እንዲህ ያሉ ሰገነቶች በየቦታው ሲፈርሱና የድንጋይ መንበሮች (መሠዊያዎች) ሲሰባበሩ እዚህ ግን መንገዱ አስቸጋሪ ስለነበር ሁለቱም ተረፉ። ግርዶሹ ፊት ያሉት መንበሮች ላይ የተቀረጹት መስቀሎች በጣት ይዳሰሳሉ።

በምዕራብ ግድግዳ ላይ ሞት በአጽም ተስሏል፤ ማጭድ፣ የአሸዋ ሰዓትና አካፋ ይዟል። በሰው ደም ስለተሳለ ኖራ ቢቀቡትም ተመልሶ ይወጣል ይላሉ የአካባቢው ሰዎች። የማጥመቂያው ገንዳ ከሁሉም ይቀድማል፣ በላቲን የተጻፈበት የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው።

ግቢው ውስጥ የቆየ የድንጋይ መስቀል ቆሟል። በ1188 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ባልድዊን ለመስቀል ጦርነት ሰው ሲመለምሉ እዚሁ ሰብከዋል ይባላል። በደቡብ ግድግዳው ሥር መስቀሉን ፊት ለፊት የሚያይ የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ እዚያ ቁጭ ብላችሁ ሸለቆውን ተመልከቱ። ስትወጡ የግቢውን በር ዝጉት፣ አካባቢው የበግ አገር ነው።