የክሊኒካል ምርምር ሠራተኛ ብቃት በጎጃም

የጎጃም ገበሬ ለክሊኒካል ምርምር እንግዳ አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው የትራኮማ ጥናት 72 ንዑስ ቀበሌዎችን በዕጣ መድቦ ነበር። አንዳንዶቹ አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ወዲያው ታደላቸው፤ አንዳንዶቹ ዘግይተው ወሰዱ። ጥናቱ የተነሳው ለዐይን ነው። ቤት ለቤት የተደረገው ቆጠራ ግን ሌላ ጉድ ይዞ መጣ። ከ1 እስከ 9 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የደረሰው ሞት መድኃኒቱ በታደለባቸው ሰፈሮች በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. በ2009 ታተመ። በኋላም ኒጀር፣ ማላዊና ታንዛኒያ ላይ ለተደረገው በጣም ትልቅ ሙከራ መንገድ ከፈተ።

ያን ቁጥር መጀመሪያ የያዘው ፕሮፌሰር አይደለም። ደጃፍ ለደጃፍ እየዞረ «ባለፈው የመዘገብነው ልጅ አሁን የት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ቆጣሪ ነው። ሐዘን ላይ ያለ ቤት መግባት ከብዶት አንድ ግቢ ቢዘል፣ ወይም የሞተውን ልጅ «ዘመድ ጋ ሄዷል» ብሎ ቢጽፍ፣ የትኛውም የስታቲስቲክስ ባለሙያ አያስተካክለውም።

የክሊኒካል ምርምር ሠራተኛ ሲባል ዋና ተመራማሪው ብቻ አይደለም። የጥናት ነርስ፣ አስተባባሪ፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያ፣ መረጃ ሰብሳቢ፣ የዳታ ሰው፣ ሥራውን እየመጣ የሚፈትሽ ሞኒተርም አሉ። እነዚህ ሰዎች ምን ማወቅና ምን መሥራት አለባቸው የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዓመታት መልሱ አንድ ነበር፤ ጂ.ሲ.ፒ የሚባለውን የመልካም ክሊኒካል አሠራር ሥልጠና ውሰድ። ሥልጠናው የቆመበት ዓለም አቀፍ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ፣ በ2016 ተሻሻለ፣ ሦስተኛው ዕትም ደግሞ በ2025 ጸደቀ። ሥልጠናው ኦንላይን በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ሰርተፍኬቱም ወዲያው ይወጣል። ጥሩ ነው፣ ግን መንጃ ፈቃድ ስላለው ብቻ አባይ በረሃን በሌሊት እንዲነዳ የሚፈቀድለት ሾፌር የለም።

ይህ ክፍተት ነው የብቃት መለኪያዎችን የወለደው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዘርፉ ያሉ ድርጅቶች ጥምረት ዕውቀትና ክህሎቱን በ8 መስኮች ከፍሎ አወጣ። መስኮቹ ሳይንሳዊ ንድፍ፣ ሥነ ምግባርና የተሳታፊ ደኅንነት፣ የመድኃኒት ልማትና ቁጥጥር፣ የጥናት አካሄድ፣ የጥናት ጣቢያ (ጥናቱ የሚካሄድበት ቦታ) አስተዳደር፣ የመረጃ አያያዝ፣ አመራርና ሙያዊነት፣ ተግባቦትና የቡድን ሥራ ናቸው። በኋላ እያንዳንዱ ጀማሪ፣ የሠለጠነና የላቀ በሚሉ ደረጃዎች ተከፈለ። የዓለም ጤና ድርጅት ውስጥ ያለው የሞቃታማ አካባቢ በሽታዎች የምርምርና ሥልጠና ፕሮግራም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 የራሱን ማዕቀፍ አወጣ። የእሱ የሚለየው የሥራ መጠሪያን ትቶ የሚሠራውን ሥራ መያዙ ነው። በአንድ ጥናት ላይ ነርሷ መድኃኒትም ዳታም አበልም ለምትይዝበት ጣቢያ ይሄኛው ይቀርባል ባይ ነኝ።

አሁን ስምንቱን መስኮች ይዘን ወደ ቀበሌ እንውረድ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ ስለ እግር ዝሆኔ የተሠራው ሙከራ ጥሩ ማሳያ ነው። 696 ታማሚዎች ተሳትፈዋል። ግማሾቹ እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ያለበትን እንክብካቤ ወዲያው ጀመሩ፤ የቀሩት ከ12 ወር በኋላ አገኙ። የሚቆጠረው እግሩ በድንገት እየተቆጣና እያበጠ ከትኩሳት ጋር ሰውን የሚጥለው ሕመም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንክብካቤ ያገኙት በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ያላገኙት 23.9 ጊዜ እንደታመሙ ያሳያል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን እርሻ ላይ ላለ ሰው በዓመት አራት ጊዜ አለመውደቅ ምን ማለት እንደሆነ ዝሆኔ ያለበትን መጠየቅ ነው።

ቆጠራው የተያዘው ታማሚው ቤቱ ባስቀመጠው ማስታወሻ ነው። እንግዲህ ብቃት እዚህ ጋ ይታያል። መረጃ ሰብሳቢው ማስታወሻው እንዴት እንደሚያዝ ማስረዳት አለበት፤ ነገር ግን «ስንት ጊዜ ታመሙ፣ ሦስት ጊዜ?» ብሎ መልስ አፍ ላይ ማስቀመጥ የለበትም። ከዚህ ሙከራ በፊት ኅብረተሰቡን ስለ ጥናቱና ስለ ፈቃድ አጠያየቁ ያነጋገረ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ መደረጉም ያስመሰግናል። ብዙ ጥናቶች ይዘሉታል።

ፈቃድ መጠየቅ በወረቀት ቀላል ነው፣ በሰው ፊት ግን ከባድ። አንዲት እናት ነጭ ገዋን ሲያዩ «እናንተ ካላችሁ ይሁን፣ እኛ ምን እናውቃለን» ይላሉ። ጀማሪው ደስ ብሎት ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ያስገባል። የበሰለው ግን «እማማ፣ እስኪ ምን ሊደረግ እንደሆነ መልሰው ይንገሩኝ» ይላል። ቀጥሎ «እምቢ ቢሉም ሕክምናዎ አይቋረጥብዎትም» ይላቸዋል። ማንበብ ለማይችል ሰው ከጥናቱ ወገን ያልሆነ ምስክር መቆም አለበት። የቀበሌው ሊቀ መንበር ምስክር ሆኖ ሲቆም ነገሩ ይበላሻል፤ እሱ ፊት እምቢ ማለት ይከብዳላ።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትኩሳት ያዘኝ» ያለ ገበሬ በኮምፒውተሩ አቆጣጠር የታመመው ረቡዕ ከሌሊቱ 2 ሰዓት ነው። ከባድ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል፤ የአንድ ቀን ስህተት ቀላል አይደለም። ጳጉሜን የረሳ ቅጽም አለ። «ከቁርስ ጋር ይዋጥ» የሚል ፕሮቶኮል (የጥናቱ የሥራ ዕቅድ) ዐቢይ ጾም ሲገባ ምን ይሆናል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ወይ አይውጥም፣ ወይ በባዶ ሆዱ ይውጣል፣ ሲጠየቅ ደግሞ «ውጫለሁ» ብሎ ያልፋል። ይህን አስቀድሞ ለአለቃው የሚናገር ነርስ በእኔ ሚዛን የላቀ ደረጃ ላይ ነው። ጠበል የወረደ ተሳታፊን «ጠፋ» ብሎ ከመዝጋት በፊት ፈልጎ ማግኘትም እንዲሁ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ ሌላ ብቃት ጠይቋል። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቀጠሮ ያልፋል። ያለፈውን እንዳለፈ መጻፍ፣ ምክንያቱን ማስፈር፣ በኋላ ተቀምጦ አለመሙላት የታማኝነት ፈተና ነው። የተሳሳተ ጽሑፍም በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ፊርማና ቀን ይደረግበታል እንጂ በነጭ ቀለም አይሸፈንም።

በአገር ደረጃ የመድኃኒት ሙከራን የሚፈቅደው የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎችም አሉ። የጎጃም ጥናቶች የሰው ኃይል የሚመጣው እንደ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ካሉ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። ተመራቂው በተለምዶ ሲ.ኦ.ሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ፈተና የሚፈተነው ግን በሐኪምነቱ፣ በነርስነቱ ወይም በፋርማሲው ነው። ምርምርን የሚያውቀው በመመረቂያ ጽሑፉ ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ መጠይቅ አስሞልቶ የሚያበቃ ዳሰሳ ነው። መጠይቅ ማስሞላትና ለሰው መድኃኒት ሰጥቶ መከታተል ደግሞ ለየቅል ናቸው።

መለኪያ ይውጣ ከተባለ የወረቀት ፈተና ብቻውን አይበቃም። ፈታኙ ከሠራተኛው ጋር ቤት ለቤት ሄዶ ፈቃድ ሲጠይቅ ያዳምጥ፤ የሞላውን ቅጽ ከሕሙማን ካርድ ጋር ያመሳክር። ጥናቶች ማን ምን እንዲሠራ እንደተፈቀደለት የሚያሳይ የውክልና መዝገብ ይይዛሉ። መዝገቡ ግን ከፕሮጀክቱ ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ኮንትራቱ ያለቀበት ሠራተኛ ቀጣዩ ጥናት ጋ ሲሄድ የሚጠየቀው ያንኑ የጥቂት ሰዓት ሰርተፍኬት ነው፤ ስንት ሰው በትክክል እንዳስፈቀደና ስንቱን ከጠፋበት ፈልጎ እንዳመጣ የሚያሳይ ወረቀት በእጁ የለም።