የአኳሪየም (የዓሣ ገንዳ) ጨዋማ ውሃ ሲዘጋጅ፦ ስለ ልኬት የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

«ገንዳው 65 ሊትር ነው ተብሎ ነው የገዛሁት፤ ለ65 ሊትር የሚሆን ጨው እበጠብጣለሁ።»
ትልቁ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። የሚነገረው ቁጥር ብዙ ጊዜ የውጭ ልኬት ነው። 60 በ30 በ36 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ፤ ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 64.8 ሊትር ይሆናል። መስተዋቱ ግን 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ውሃውም ከአፉ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ከውስጥ ሲለካ 55 ሊትር ገደማ ነው። 5 ኪሎ አሸዋና 6 ኪሎ ድንጋይ ሲገባበት 50 ሊትር ያህል ውሃ ይቀራል። ለ65 ሊትር የተመዘነ ጨው እዚህ ውስጥ ሲገባ፣ በሊትር 35 ግራም መሆን የነበረበት ጨዋማነት ወደ 45 ይወጣል። ይህን ኮራል (በባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ) አይችለውም። የመጀመሪያ ቀን፣ አሸዋውና ድንጋዩ ከገቡ በኋላ፣ በተለካ ባልዲ እየቆጠራችሁ ሙሉ፤ ድምሩንም የገንዳው ጎን ላይ ጻፉት።

«ባልዲው ላይ 20 ሊትር ይላል።»
እስከ አፉ ጢም ሲል ሊሆን ይችላል። ባዶውን ባልዲ ሚዛን ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት፤ 10 ኪሎ ንጹሕ ውሃ ጨምሩና በማርከር አስምሩ። የንጹሕ ውሃ 1 ሊትር 1 ኪሎ ነው። ባልዲ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ቁመቱን ለሁለት ከፍሎ «ግማሽ» ማለት አይሠራም።

«ጋሎን ያው ጋሎን ነው።»
የአሜሪካው 3.785፣ የእንግሊዙ 4.546 ሊትር ነው። የጨው ከረጢቱ ላይ ያለውን በሊትር አንብቡ።

«በስኒ መስፈር ይበቃል።»
የባሕር ጨው ድብልቅ እርጥበት ይስባል፤ ከረጢቱ ውስጥም ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል። ከረጢቱን አገላብጣችሁ መዝኑ። እርጥበት ስላለው በሊትር ከ36 እስከ 40 ግራም ሊፈልግ ይችላል፤ በ36 ጀምራችሁ ለክታችሁ ጨምሩ። ጨው ወደ ውሃ እንጂ ውሃ ጨው ላይ አይፈስም። በትንሽ ውሃ ሲርስ ካልሲየሙ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል፤ ኋላ ቢማስልም በቀላሉ አይሟሟም።

«ውሃው ሲቀንስ ጨዋማ ውሃ ይጨመርበታል።»
የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው ባለበት ይቀራል። በምሳሌው ገንዳ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 1.7 ሊትር ነው። ያንን በጨዋማ ውሃ መተካት በእያንዳንዱ ጊዜ 60 ግራም ያህል ጨው መጨመር ነው። የሚጨመረው ጨው የሌለበት የተጣራ ውሃ ነው። አዲስ ጨዋማ ውሃ የሚያስፈልገው አሮጌው ተቀድቶ ሲወጣ ነው።

«መለኪያው 1.026 ካለ አለቀ።»
ቁጥሩ ውሃው ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት ልኩ ይኸው ነው። ነገር ግን ክንድ ያለው ሃይድሮሜትር (ክንዱ በውሃው ክብደት ልክ ከፍና ዝቅ የሚል መለኪያ) ላይ አንዲት የአየር አረፋ ስትጣበቅ ክንዱን ወደ ላይ ታነሳውና ከእውነቱ በላይ ያነብባል። ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጋችሁ አረፋውን አስለቅቁ። ሪፍራክቶሜትር (ብርሃን ውሃው ውስጥ ሲያልፍ በሚታጠፍበት ልክ ጨዋማነቱን የሚያሳይ መለኪያ) ከሆነ በንጹሕ ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨዋማነቱ 35 በሆነ የማስተካከያ ፈሳሽ አስተካክሉት። ጨው እንደጨመራችሁም አትለኩ፤ ፓምፕና ማሞቂያ ገብቶበት ውሃው ጥርት እስኪል ጠብቁ።