ኪሎዋት ሰዓት ምንድን ነው? የቤትና የጣቢያ ቻርጅ ዋጋ ላይ የሚምታታው ነገር

"ባለ 120 ኪሎዋቱ ቻርጀር ከቤቱ ባለ 7 ኪሎዋት 17 እጥፍ መብራት ይበላል። ጣቢያ የሚወደደው ለዚያ ነው።" ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ሲወራ ይህንን አባባል በዚህ ወር ብቻ ሶስት ጊዜ አየሁት። የመጨረሻው ጸሐፊ 120ን ለ7 አካፍሎ፣ ሂሳቡን በሰንጠረዥ አስቀምጦ፣ ጣቢያ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን እየበተነ ነው ብሎ ደመደመ። ማካፈሉ ልክ ነው። የተካፈለው ነገር ግን ዋጋ አይደለም። በጥር 2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ሂሳብ መኪና እየመረጠ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ኪሎዋት ፍጥነት ነው። ኪሎዋት ሰዓት መጠን ነው። ቆጣሪ የሚቆጥረው መጠኑን ነው፤ ካርድ ስትሞሉም የምትገዙት መጠን ነው።

እንጀራ እናስብ። ቤታችሁ አንድ ምጣድ አለ። ሰፈር ውስጥ ደግሞ 17 ምጣድ የደረደረ እንጀራ ጋጋሪ አለ። ሁለታችሁም 50 እንጀራ ጋገራችሁ። እናንተ ግማሽ ቀን ፈጀባችሁ፣ እሱ በደቂቃዎች ጨረሰ። የሄደው ጤፍ ግን ያው ነው። የምጣዱ ብዛት ኪሎዋት ነው፣ ጤፉ ኪሎዋት ሰዓት። ያ ጸሐፊ ያደረገው ምጣድ ቆጥሮ የጤፍ ሂሳብ ማውጣት ነው።

በቁጥር እንየው። ከተማችን ውስጥ የምናያት ትንሿ ቢዋይዲ ሲጋል፣ ትልቁን ባትሪ የያዘችው፣ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ትይዛለች። ከ20 በመቶ ወደ 80 በመቶ ስትሞላ 23 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ገባላት ማለት ነው። ከተራ ሶኬት፣ በ10 አምፔር፣ 12 ሰዓት ያህል ትቆያለች። በ7 ኪሎዋት ቻርጀር ወደ 4 ሰዓት። ጣቢያ ላይ ከአንድ ሰዓት በታች። በሶስቱም ባትሪው ውስጥ የገባው 23 ነው። ደግሞም ማሽኑ ላይ 120 ስለተጻፈ መኪናዋ 120 አትወስድም። እሷ ቢበዛ የምትቀበለው ወደ 40 ኪሎዋት ነው። ከ80 በመቶ በላይ ደግሞ ባትሪው ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መሶቡ ሲሞላ የመጨረሻዎቹን እንጀራዎች ቀስ ብላችሁ እንደምታስገቡት ነው። በደቂቃ የሚያስከፍል ጣቢያ ካጋጠማችሁ ብቻ ይህ ቀስታ ኪሳችሁን ይነካል።

ታዲያ ጣቢያ ለምን ይወደዳል? እንጀራ ገዝታችሁ ታውቃላችሁ። የጤፉን ብቻ አትከፍሉም። የቤት ኪራይ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ቆመው የሚውሉት ምጣዶች አሉ። ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያም እንዲሁ ነው። የራሱን ትራንስፎርመር ያስተክላል። ማሽኑ በውጭ ምንዛሪ ይመጣል። ኪሎዋት ራሱ ዋጋ የሚያወጣውም እዚህ ጋ ነው፤ ትልልቅ የኤሌክትሪክ ደንበኞች ከተጠቀሙት መጠን ሌላ በአንድ ጊዜ ለሚስቡት ከፍተኛ ኃይልም የሚከፍሉበት አሠራር አለ። ሶስት መኪና አብረው ሲሰኩ የባለቤቱ ወጪ ይዘላል። እናንተ ጋ የሚደርሰው ግን በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ላይ ተደምሮ ነው።

የቤቱ ዋጋ ላይ ደግሞ ሰው የሚረሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ታሪፉ በእርከን መሆኑ ነው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። በ2017 መጀመሪያ የታሪፍ ማሻሻያው ከመጀመሩ በፊት በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ለአንዱ 27 ሳንቲም ገደማ ይከፍል ነበር። ከ500 በላይ የሚጠቀመው 2 ብር ከ48 ሳንቲም። ዘጠኝ እጥፍ ነው! አሁን ታሪፉ በየሶስት ወሩ እየተስተካከለ ነው፣ እርከኑ ግን አልቀረም። በወር 1,000 ኪሎሜትር የምትነዱ ከሆነ መኪናው 150 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 180 ይጠቀም የነበረ ቤት ከ330 ያልፋል። ስለዚህ የመኪናውን ወጪ በድሮው እርከናችሁ አታስሉት። የምታስሉት መኪናው በወሰዳችሁ እርከን ነው።

ሁለተኛው ብክነት ነው። ሊጥ ቡሃቃው ላይ ይቀራል። ቤት ስትሰኩ ኤሌክትሪኩን ለባትሪው እንዲሆን የሚቀይረው መኪናው ራሱ ነው፣ ሲቀይርም ይሞቃል። በተራ ሶኬት 12 ሰዓት ሲቆይ የመኪናው ኮምፒውተርም 12 ሰዓት ሙሉ ነቅቶ ይበላል። ባትሪው 23 ሲያገኝ የቤት ቆጣሪ 26 ወይም 27 ይቆጥራል። ፈጣን ጣቢያ ላይ መቀየሩ ማሽኑ ውስጥ ያልቃል። ሂሳቡ የሚነበበው ወደ መኪናው በሚወጣው ላይ ከሆነ ያ ብክነት የጣቢያው ባለቤት ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ቤት አንዱ 6 ብር፣ ጣቢያ 12 ብር ነው እንበል። ቤት 27 በ6 ሲባዛ 162 ብር። ጣቢያ 23 በ12 ሲባዛ 276 ብር። እጥፍ የሚመስለው ዋጋ 1.7 እጥፍ ሆነ። ቤት አሁንም ይረክሳል፣ እኔም ደንበኞቼን ቤታችሁ አድርጉ እላለሁ። 17 እጥፍ ግን የትም የለም።

ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ስለሆነ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ባለፈው ወር አንድ ኮንዶሚኒየም ተጠርቼ ሄድኩ። ገመዱ ከሶስተኛ ፎቅ በመስኮት ወርዷል። ጫፉ ላይ ዲቫይደር፣ ዲቫይደሩ ላይ መኪና። ሶኬቱን ስነቅለው ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል፣ አንደኛው ቀዳዳ ጠቁሯል። ቤት ውስጥ የቀረው ገመድ እንደተጠቀለለ ነበር፤ ስነካው እንደ ካውያ ይሞቃል። ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ሠርቶ ያርፋል። መኪና ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። ዲቫይደር ለዚህ አልተሠራም። ከቆጣሪው የራሱ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና የሚሠራ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የደህንነት ገመድ) ያስፈልገዋል። የዚህ ዝርጋታ ወጪም የቤት ቻርጅ ዋጋ ውስጥ ይግባ። የጣቢያውን ትራንስፎርመር ቆጥረን የራሳችንን ገመድ መርሳት የለብንም።

ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራይ በሚያስቀምጠው ትንሽ ቆጣሪ ላይ የምትከፍሉትን ዋጋ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከጣቢያ ጋር የተቀራረበበት ቤት አይቻለሁ።

የራሳችሁን ቁጥር ለማወቅ ዛሬ ማታ ከመሰካታችሁ በፊት የቆጣሪውን ንባብ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የባትሪውን በመቶኛም እንዲሁ። ሌሊት ሌላ ትልቅ ዕቃ አታብሩ። ጠዋት ሁለቱንም እንደገና አንሱ። የቆጣሪውን ልዩነት በእርከናችሁ ዋጋ አባዙ፣ ታክሱን ጨምሩበት። ከዚያ የመቶኛውን ልዩነት በባትሪው አቅም አባዝታችሁ ባትሪው ውስጥ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደገባ እወቁ፣ ብሩንም ለዚያ አካፍሉት። ጣቢያ ከተለጠፈው ዋጋ ጋር የሚወዳደረው ያ ቁጥር ነው።