ሽታ፣ ጭንቀትና አንጎል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምናየውና የምንሰማው ነገር ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል ያልፋል። ሽታ ግን አቋራጭ አለው። ከአፍንጫ በላይ ካለው የሽታ መቀበያ ተነስቶ አሚግዳላ የሚባለው፣ ስሜትን የሚያስተናግደው የአንጎል ክፍል ጋ በቀጥታ ይደርሳል። አሚግዳላ ደግሞ የልብ ምትን፣ ረሃብንና የጭንቀት ሆርሞኖችን ከሚቆጣጠረው ከሃይፖታላመስ ጋር የተያያዘ ነው። ሽታ ስሜታችንን ቶሎ የሚነካው ለዚህ ነው። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ችግሩ ከዚህ በላይ የሚባለው ነው።

«አሚግዳላ የፍርሃት ማዕከል ነው»

ግማሽ እውነት ነው። አሚግዳላ ደስ ለሚል ሽታም ይነቃል። በሕክምና ጽሑፎች ኤስ.ኤም. ተብላ የምትታወቅ አሜሪካዊት አለች። ባልተለመደ በሽታ ምክንያት ሁለቱም አሚግዳላዎቿ ጠፍተዋል። እባብ እንኳ አያስፈራትም። በ2013 በታተመ ሙከራ ግን 35 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለበት አየር ስትስብ ድንጋጤ ያዛት። ፍርሃት ያለ አሚግዳላም ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

«ኮርቲሶል መርዝ ነው»

ስንደነግጥ ሃይፖታላመስ በሁለት መንገድ ያዛል። በነርቭ በኩል አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ ይለቀቃል። በደም በኩል ደግሞ አንጎል ስር ያለውን ፒቱታሪ ዕጢን ያዛል፤ እሱም ከኩላሊት በላይ ያሉትን ዕጢዎች። ከዚያ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይወጣል። ጫፍ ለመድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ጤነኛ ሰው ላይ ማለዳ ከፍ ይላል፤ ፈጽሞ ከጠፋ ሕይወት ያሰጋል። የሚጎዳው ከፍ እንዳለ ሳይወርድ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነው።

«ጥሩና መጥፎ ሽታ በተፈጥሮ የተለየ ነው»

በአብዛኛው የምንማረው ነው። ዊንተርግሪን የሚባለውን ተክል ሽታ አሜሪካውያን ይወዱታል፤ የሚያውቁት ከረሜላና ማስቲካ ውስጥ ነው። በዕድሜ የገፉ እንግሊዞች ግን በሕመም ቅባት ስለሚያስታውሱት አይወዱትም። እኛንም የሚቆላ ቡና ሽታ የሚያረጋጋን ከጎረቤት ጋር አረፍ ብለን ያሳለፍነው ጊዜ ከሽታው ጋር አብሮ ስለሚመጣ ይመስለኛል።

«ክብሪት ማሽተት የሚጥል በሽታን ያቆማል»

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ሰው ይጎዳበታልና። መንገድ ላይ ሰው ሲወድቅ ወዲያው «ክብሪት አምጡ!» ይባላል። ተጭሮ አፍንጫው ስር ይያዛል። ትንሽ ቆይቶ ሰውየው ይረጋጋል። ክብሪቱ ሠራ ይባላል።

አልሠራም። መንቀጥቀጡ የሚመጣው የአንጎል ነርቮች በአንድ ጊዜ ያለልክ የኤሌክትሪክ መልእክት ሲለቁ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። የክብሪቱ ጢስ ትርፉ መተንፈሻውን መቆጥቆጥ ነው። ፊቱንም ሊያቃጥለው ይችላል።

ሽታና የሚጥል በሽታ አይገናኙም ማለት ግን አይደለም። በአንዳንድ ታማሚዎች መነሻው አሚግዳላ አካባቢ ነው። እነሱ ከመውደቃቸው በፊት የሌለ ሽታ ይሸታቸዋል፤ የተቃጠለ ነገር ሊሆን ይችላል። ድንገተኛ ፍርሃትም አብሮ ሊመጣ ይችላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሂውሊንግስ ጃክሰን ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጽፎታል። እንዲህ የሚሰማችሁ ካላችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ለምርመራው ይረዳዋል።

ለወደቀ ሰው የሚጠቅመው ይህ ነው። ስለታምና ጠንካራ ነገር ከአጠገቡ አርቁ። ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ። በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ በጉልበትም አትያዙት። ሰዓት ተመልከቱ፤ 5 ደቂቃ ካለፈው ቶሎ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

«ተኝቼም ቢሆን ሽታው ይቀሰቅሰኛል»

በዚህ አትተማመኑ። በ2004 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ጥልቅ እንቅልፍ ላይ የነበሩ ሰዎችን የሚከረፋ ሽታ እንኳ አላነቃቸውም። ድምፅ ግን ቀስቅሷቸዋል። የከሰል ነገር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጭራሽ ሽታ የለውም፤ አፍንጫ ወደ አሚግዳላ የሚልከው ምንም ነገር አይኖርም። «ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍም ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። ፍሙም ጋዙን ያወጣል። በክረምት ቤት ያስገባችሁትን ማንደጃ ከመተኛታችሁ በፊት ወደ ውጭ አውጡት።