የሚነካና የሚንቀሳቀስ ገጽ ውስጥ ያለ ጽሑፍ እንዴት ተፈልጎ ይገኛል? ጎጃምን ይዞ የተደረገ ዳሰሳ

መፈለጊያ ሞተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነበው ጽሑፍ ነው። ፎቶው ቢያምር፣ ካርታው በጣት ሲነካ ቢንቀሳቀስ፣ የቅኔው ድምፅ ጥርት ብሎ ቢሰማ፣ ጉግል የሚፈልገው በገጹ ላይ በፊደል የሰፈረውን ነው። የዘጌን ገዳማት ወይም የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በ360 ዲግሪ የሚያስጎበኝ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁለት አንባቢ አለው። አንዱ ስልኩን ይዞ የሚያየው ሰው ነው። ሌላው ከሩቅ ሰርቨር የሚመጣ፣ ዓይን የሌለው ፕሮግራም ነው። ይህ ዳሰሳ ሁለተኛው አንባቢ ምን እንደሚያነብና ምን እንደሚያልፈው ይናገራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ለጎጃም ቀላል አይደለም። የዓባይ መነሻ ሰከላ ውስጥ ነው። የጮቄ ተራራ፣ መርጡለ ማርያም፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ የዋሸራ ቅኔ ቤት፣ የእንጅባራ ፈረሰኞች፣ ሁሉም እዚሁ ናቸው። ስለነሱ የአገሬው ሰው ራሱ ያዘጋጀው ነገር የመፈለጊያ ሞተሩ ማውጫ ውስጥ ካልገባ፣ ፈላጊው የሚያገኘው ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ የጻፈውን ነው። ይህ ደግሞ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ሥራው ሳይሆን የተቀመጠበት መንገድ ነው።

ማውጫው እንዴት ይሞላል

ቦት የሚባለው ፕሮግራም ከሊንክ ወደ ሊንክ እየሄደ ገጾችን ያወርዳል። ጽሑፉን በቃል በቃል ከፋፍሎ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ ይመዘግባል። መጽሐፍ ጀርባ ላይ ካለው የቃላት ማውጫ ጋር ይመሳሰላል። «ግሽ ዓባይ» ብለን ስንጽፍ ጉግል ያኔ ኢንተርኔቱን ማሰስ አይጀምርም። ቀድሞ ያዘጋጀውን ማውጫ ገልጦ ነው የሚመልሰው። ማውጫው ውስጥ ያልገባ ጽሑፍ ለፈላጊው የለም።

ተራ ገጽ ላይ ይህ ሁሉ ያለችግር ይሄዳል። ጽሑፉ በኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ፣ ተጽፎ ስለሚመጣ ቦቱ እንደወረደ ያነበዋል። ጣጣው የሚመጣው ጽሑፉ ሌላ ነገር ውስጥ ሲገባ ነው።

የፍላሽ ዘመን

ለብዙ ዓመታት ያ «ሌላ ነገር» ፍላሽ ነበር። ማክሮሚዲያ የተባለው ኩባንያ ቴክኖሎጂውን ከሌላ ድርጅት የገዛው በ1996 ነው። በ2005 ደግሞ አዶቤ ማክሮሚዲያን ጠቀለለ። በፍላሽ አኒሜሽን፣ ጌም፣ ማስታወቂያ፣ ሙሉ ድረ ገጽ ሳይቀር ይሠራ ነበር። ሲከፈት ሙዚቃ የሚያሰማ፣ ርዕሱ እየበረረ የሚገባ ገጽ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ቦቱ ግን እዚያ ገጽ ላይ የሚያገኘው «ይህን ፋይል አጫውት» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነበር። ጽሑፉ ያለው በታሸገው ኤስደብሊውኤፍ ፋይል ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ላይ የተሞከረው መፍትሔ ፋይሉን ሳያጫውቱ ውስጡ ያለውን ፊደል ለቅሞ ማውጣት ነበር። ይህ ጽሑፉን ያስገኛል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ያበላሻል። የትኛው ቃል መቼ፣ በየትኛው ቁልፍ ጀርባ እንደሚታይ አይታወቅም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2008 ነው። አዶቤ ለጉግልና ለያሁ ለመፈለጊያ ሥራ የተዘጋጀ ልዩ የፍላሽ ማጫወቻ ሰጣቸው። ጉግል ፋይሉን ያለ ስክሪን እያስኬደ፣ ልክ እንደ ተጠቃሚ ቁልፎቹን መጫን፣ ምናሌውን መክፈት፣ ሳጥኖቹ ውስጥ መጻፍ ጀመረ። በየደረጃው ብቅ ያለውን ጽሑፍ እየመዘገበ፣ ያገኘውን ሊንክ እየተከተለ ይሄዳል። እንደ እኔ ይህ በጣም የሚደነቅ ምህንድስና ነበር። ዛሬ እንኳ ቦቱ ዘመናዊ ገጽ ላይ ሲገባ እንዲህ እየተዘዋወረ ቁልፍ አይጫንም።

ያልቻለውም ብዙ ነበር። ፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ አይነበብም። በፍላሽ የሚጫወት ቪዲዮ በውስጡ ፊደል ስለሌለው ይታለፋል። ፍላሹ ከውጭ ጠርቶ የሚያመጣው ፋይል መጀመሪያ ላይ የዚያ ገጽ አካል ተደርጎ አይቆጠርም ነበር፤ ይህ በ2009 ተስተካከለ። ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፉት ዓረብኛና ዕብራይስጥም ሲጀመር አልተካተቱም። ከሁሉ የከፋው ግን አድራሻው ነው። ሃያ ክፍል ያለው የፍላሽ ጣቢያ አንድ አድራሻ ብቻ ነው ያለው። ፈላጊው ስለ ቢቸና የተጻፈውን ክፍል ቢፈልግ እንኳ ጉግል የሚወስደው መግቢያው በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ራሱ ይፈልግ።

የፍላሽ ፍጻሜ ረጅም ነበር። አይፎን ጨርሶ አልተቀበለውም። ቪዲዮና አኒሜሽን ያለ ፍላሽ እንዲሠራ የሚያስችለው ኤችቲኤምኤል 5 በ2014 ይፋዊ ደረጃ ሆኖ ወጣ። ጉግል የፍላሽ ይዘት ማውጫ ውስጥ ማስገባት እንደሚያቆም በ2019 አስታወቀ። አዶቤም በ2020 መጨረሻ ድጋፉን አቋረጠ፤ ከጥር 12፣ 2021 ጀምሮ ደግሞ ማጫወቻው ራሱ ፍላሽ እንዳያጫውት ተደረገ። በፍላሽ ብቻ የተሠራ፣ በሌላ መልክ ያልተገለበጠ ነገር ካለ አሁን በተራ ብራውዘር አይከፈትም።

ዛሬ ያለው ነገር፦ ጃቫስክሪፕት

አሁን የሚነኩና የሚንቀሳቀሱ ገጾች በአብዛኛው የሚሠሩት ብራውዘር ውስጥ በሚሮጠው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በጃቫስክሪፕት ነው። ቦቱ መጀመሪያ የሚያወርደው ባዶ ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ የሚመጣው ፕሮግራሙ ብራውዘር ውስጥ ሲሮጥ ነው። ስለዚህ ጉግል ሥራውን ለሁለት ይከፍለዋል። በመጀመሪያ የወረደውን ያነባል። ቀጥሎ ገጹን ወረፋ አስይዞ በክሮም ላይ ያስኬደውና የተሳለውን እንደገና ያነባል። ቦቱ የሚጠቀምበት ክሮም ለዓመታት ያረጀ ነበር። ከ2019 ጀምሮ ግን ከአዲሱ ክሮም ጋር አብሮ ይታደሳል። ሌላው መፈለጊያ ሞተር ቢንግም ገጾችን እያስኬደ ያነባል፤ ይሁን እንጂ ሁሉንም በዚህ መንገድ ማንበብ ከባድ እንደሆነበት ራሱ ይናገራል። ዞሮ ዞሮ ጽሑፉን ከሰርቨር ተዘጋጅቶ እንዲመጣ ማድረግ አስተማማኙ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ቦቱ አይጫንም፣ ሸርተት እያደረገም ገጹን አይወርድም። የዋሸራን ቅኔ የሚያቀርብ ገጽ እናስብ። ቅኔው ይታያል፤ አንባቢው አንዱን ስንኝ ሲነካ ሰሙ በአንድ ቀለም፣ ወርቁ በሌላ ቀለም ይገለጥለታል። ለቅኔ የሚመጥን ደስ የሚል አቀራረብ ነው። ፍቺው መጀመሪያውኑ ገጹ ውስጥ ተጽፎ ተደብቆ ብቻ ከሆነ ጉግል ያነበዋል። ጣት ሲነካው ከሰርቨር የሚጠራ ከሆነ ግን ቦቱ መቼም አያየውም። ለተመልካቹ ሁለቱ አንድ ናቸው። ለማውጫው ግን በመካከላቸው የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ።

የአድራሻው ችግርም ከፍላሽ ጋር አብሮ አልሞተም። ጉግል በአድራሻው ላይ ከ«#» ምልክት በኋላ ያለውን ችላ ስለሚል፣ በዚህ ምልክት ብቻ የሚለዩ ክፍሎች ለእሱ አንድ ገጽ ናቸው። በ2009 ለዚህ የሚሆን ልዩ ዘዴ አቅርቦ ነበር፤ በ2015 ግን ራሱ ተወው። ካርታ ላይ ደጀን፣ ደንበጫ፣ ቡሬ፣ ዳንግላ እየተባለ የሚነካ ገጽ ካለ ለእያንዳንዱ ከተማ የራሱ አድራሻ ይሰጠው። ወደዚያ የሚወስደውም እውነተኛ ሊንክ ይሁን። ሊንክ የሚመስል በጃቫስክሪፕት የሚሠራ ቁልፍ ቦቱን የትም አያደርሰውም።

ካንቫስ በሚባለው ሰሌዳ ላይ የተሳለ ጽሑፍ ፊደል ሳይሆን ቀለም ነው፤ አይነበብም። ብዙ ጌሞችና ባለ ሦስት አውታር ጉብኝቶች የሚሠሩት በዚህ ነው። ኤስቪጂ በተባለው፣ ሥዕሉን በጽሑፍ መልክ በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት የተሳለ ካርታ ግን የተሻለ ነው። በውስጡ ያሉት የቦታ ስሞች ጽሑፍ ሆነው ስለሚቀመጡ ጉግል ከ2010 ጀምሮ ያነባቸዋል። የጣና ዳርቻ ገዳማትን ካርታ ለሚሠራ ሰው ምርጫው ለእኔ ግልጽ ነው።

የግዕዝ ፊደል የራሱ ፈተና

ለአማርኛ ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረ ችግር አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት ሁሉ በሚለዩበት የጋራ የቁጥር መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው በልዩ ፎንቶች ነበር። ስክሪኑ ላይ «ደብረ ማርቆስ» ይታያል፤ ከሥሩ የተመዘገበው ግን የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። ቦቱ የሚያነበው ያንን ዝብርቅርቅ ነው። ፎንቱ የሌለው ሰው ኮምፒውተር ላይም የሚታየው እሱው ነበር።

ሰው ታዲያ ምን አደረገ? ጽሑፉን ወደ ምስል ቀየረው። ፍላሽ ውስጥም ፊደሉን ሰባብሮ ወደ ቅርጽ መለወጥ ይቻል ነበር። በዚህ መንገድ አማርኛው የትም አገር ሳይበላሽ ይታያል። ለዓይን መፍትሔ የሆነው ነገር ግን ለፍለጋ ሞት ነበር። ልማዱ ዛሬም አልለቀቀንም። ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የታሪክ ጽሑፍ ሳይቀር በፎቶ ተለጥፎ እናያለን። ፒዲኤፍም እንዲሁ ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ፒዲኤፍ በደንብ ይነበባል። በድሮ ፎንት የተዘጋጀው ግን አምሮ እየታየ ማውጫ ውስጥ ዝብርቅርቅ ሆኖ ይገባል።

ከዚያ የአጻጻፍ ልዩነት አለ። ለዩኒኮድ «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባህርዳር። ዓባይ፣ አባይ፣ ዐባይ። ጎጃም፣ ጐጃም። እንጅባራ፣ እንጂባራ። በዚህ ላይ «በ»፣ «የ»፣ «ከ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። ስለዚህ ጸሐፊው ልማዱን ሳይለቅ፣ ሰው የሚፈልግበትን ሌላውን አጻጻፍ ከጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ በተፈጥሮው ቢያስገባው ይጠቅማል። ያለ ቅጥያ የቆመ የቦታ ስም በርዕሱ ላይ መኖሩም ጥሩ ነው። የስም ድርድር ከገጹ ግርጌ መደርደር ግን ጉግል እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል።

ድምፅ፣ ቪዲዮና ፎቶ

ለፎቶ ከጀርባው የሚጻፍ አማራጭ ጽሑፍ አለ። «ፎቶ 3» ከማለት «የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል፣ ዘጌ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ይህ ዓይነ ስውራን በስክሪን አንባቢ ሲጠቀሙም የሚሰሙት ጽሑፍ ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ መጻፍ ይገባዋል። የእንጅባራ ፈረሰኞችን በዓል የሚያሳይ ቪዲዮ ከሥሩ በአማርኛ የተጻፈ መግለጫና የተነገረው ቃል ግልባጭ ካለው የመገኘት ዕድሉ ይሰፋል። የቅኔ ወይም የቃል ታሪክ ቅጂ ሲሆን ደግሞ ግልባጩ ራሱን የቻለ ሰነድ ነው።

በግል የቴሌግራም ግሩፕና በተዘጋ የፌስቡክ ገጽ ያለ ነገር ጉግል ላይ አይወጣም። በሩ ዝግ ስለሆነ ቦቱ አይገባም።

ሥራው ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ የሚረዳ ቀላል መፈተኛ አለ። ከገጹ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መርጠው ኮፒ ያድርጉና ሌላ ቦታ ላይ ይለጥፉት። አልመረጥም ካለ ምስል ወይም ካንቫስ ሊሆን ይችላል። ዝብርቅርቅ ሆኖ ከወጣ ፎንቱ የድሮ ነው። ጥርት ያለ አማርኛ ከሆነ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገው ጉግል ላይ ይፈልጉት። የገጹ ባለቤት ከሆኑ ደግሞ ሰርች ኮንሶል የተባለው የጉግል ነፃ አገልግሎት ቦቱ ገጹን አስኪዶ ያየውን ኤችቲኤምኤል እንዳለ ያሳያል። የቅኔው ፍቺ፣ የገዳማቱ ስም፣ የካርታው ዝርዝር እዚያ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ማየት ነው።