የሕግ ክሊኒክ ተማሪ ጠበቃ ነው?

በዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ወደሚገኙ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት፣ ማለትም ወደ ሕግ ክሊኒኮች፣ የሚሄዱ ባለጉዳዮች በዚያ የሚያስተናግዷቸውን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ እንደ ጠበቃ ይቆጥሯቸዋል። ተማሪዎቹ ግን ጠበቃ አይደሉም፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች በጥብቅና ለመቆም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይህም ፈቃድ ገና በትምህርት ላይ ላለ ሰው አይሰጥም።

ታዲያ ተማሪው ምን ይሠራል? ለልጇ ቀለብ ለመጠየቅ የመጣችን እናት እንውሰድ። ተማሪው በመምህሩ ክትትል ሥር ታሪኳን አዳምጦ ለክሱ የሚጠቅመውን ፍሬ ነገር ከማይጠቅመው ይለያል፤ የትኛው ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዳለው ያጣራል፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 222 የተዘረዘሩትን ነጥቦች አሟልቶ የክስ አቤቱታውን ያረቃል፤ የዳኝነት ክፍያውን መክፈል የማትችል ከሆነም በአንቀጽ 467 መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ የምታቀርበውን ማመልከቻ ያዘጋጅላታል። አቤቱታው የሚቀርበው ግን በእርሷ ስም ነው፤ ጠበቃ ወይም ሌላ ሕጋዊ ወኪል ካልወከለች በስተቀር ፍርድ ቤት ቆማ የምትከራከረውም ራሷ ናት። ይህ ወሰን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ሊነገራት ይገባል፤ ሳይነገራት ቀርቶ በቀጠሮው ዕለት ተማሪውን ብትጠብቅ ጉዳቱ የእርሷ ነውና።

በፍርድ ቤት ወይም በዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት የሚደረገው የተግባር ልምምድ፣ ማለትም ኤክስተርንሺፕ፣ ከክሊኒክ የተለየ ነው፤ በዚያ ተማሪው የተቋሙን አሠራር እየተመለከተ ያግዛል እንጂ የራሱ ባለጉዳይ የለውም። በእኔ እምነት የተግባር ትምህርቱ ክብደት ያለው በክሊኒኩ ነው፤ በክፍል ውስጥ ፍሬ ነገሩ ተዘጋጅቶ ይሰጣል፣ እዚህ ግን የጠፋ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና መመስከር የሚፈራ ጎረቤት ያጋጥማል።